ሳቂታ ይሉኝ ነበር

ጥቅምት 9

ዛሬ የሚጻፍ የለም። ሥራ፣ ራስ ምታት፣ ቤት።

መናኸሪያው ገና ሳይሞላ ገባሁ። ክፍሌ ፎቁ ጫፍ ላይ ናት። አንድ ወንበር፣ አንድ ማይክራፎን፣ ከውስጥ የሚያሳይ ከውጭ የማያሳይ ጥቁር መስታወት። "ወደ ሰሜን የሚሄደው አውቶቡስ በሦስተኛው በር ይገኛል፤ ተሳፋሪዎች ዕቃችሁን እንዳትረሱ።" ቀኑን ሙሉ ይቺኑ። ሕዝቡ ድምፄን እንጂ ፊቴን አያውቅም። ሥራውን የወደድኩት ለዚህ መሰለኝ…

ትኬት ቆራጯ ዳቦ በእንቁላል ይዛልኝ ወጣች። እንደ ልማዴ በጎን ጥርሴ ገዘገዝኩት። የፊቶቹ አይገናኙም፤ የላዮቹ ወደ ውጭ ወጥተው፣ የታቾቹ ወደ ውስጥ ሸሽተው፣ በመሃላቸው አውራ ጣቴ ይገባል።

"አንቺ እኮ አትበዪም፤ ትውጫለሽ እንጂ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከሰዓት ጨጓራዬ ሲቃጠል ዋለ።

መሥሪያ ቤቱ ስሜን ከረሳው ቆየ። ሳቂታ ነው የሚሉኝ። ከንፈሬ ስለማይገጥም ሁልጊዜ የምስቅ እመስላለሁ። ስምሪት ኃላፊው ደረጃው ላይ አገኘኝና "ሳቂታ፣ አንቺን ያየ ቀኑ ብርሃን ነው" አለኝ። ደግ ሰው ነው። ያን ሰዓት ራሴ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረው…

ጥቅምት 10

ማስታገሻው አለቀ። ነገ መግዛት።

ጥቅምት 14



"ወደ ምሥራቅ የሚሄደው አውቶቡስ በ…" እያልኩ ነበር። ማዛጋት መጣብኝ፤ ልይዘው ብል እምቢ አለ፤ አዛጋሁ። ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ቋ አለ። ከዚያ አፌ አልዘጋ አለ።

በእጄ ገፋሁት። ንቅንቅ የለም። ማይኩ ክፍት ነው… "ኣኣኣ" የሚል ድምፅ በመናኸሪያው ሁሉ እየሄደ ነው። የኔ ድምፅ ነው። ታች ሰዉ ሽቅብ ያያል። አንዳንዱ ይስቃል። ማይኩን መዝጋት እንኳ ጠፋኝ።

ስምሪት ኃላፊው እየተቆጣ ደረጃውን ወጣ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ቁጣው እዚያው ቀረ። "ኧረ ልጅቷን… ልጅቷን" ብቻ ይላል። ትኬት ቆራጯ ናት ሻርፗን አውልቃ አፌን የሸፈነችልኝ። ታክሲ ውስጥ ለሃጬ በአገጬ ይወርዳል። መዋጥ አልቻልኩም። የማለቅስም አልመሰለኝም ነበር፤ እያለቀስኩ ኖሯል።

ድንገተኛ ክፍል አንድ ወጣት ሐኪም ጓንት አጠለቀ፤ ሁለት አውራ ጣቶቹን አፌ ውስጥ ከቶ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ገፋ። ቋ። ተመለሰ።

"መለስኩት እንጂ አላዳንኩሽም" አለኝ። "ነገም ሊወጣ ይችላል። ጥርስሽን የሚያይ ስፔሻሊስት ጋ ሂጂ።"

"ጥርሴን አያመኝም" አልኩት።

"እሱ ባያመውም አንቺን እያሳመመሽ ነው።"

ጥቅምት 15

ከሥራ ቀረሁ። አገጬን በጨርቅ አስሬ ተኛሁ።

እማ ሾርባ ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ማዛጋትም በሽታ ሆነ እንግዲህ" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "የአባትሽም መንጋጋ ሲበላ ቋ ቋ ይል ነበር። ምንሽ ቀረ አንቺ፣ ቁርጥ አባትሽን።" ስትለው ደስ ብሏት ነው።

ጥቅምት 23

ክው ብዬ ነው የገባሁት። ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

የጥርስ ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ ትንሽ መስታወት አፌ ውስጥ ከታ ላንቃዬን አሳየችኝ። ከፊት ጥርሴ ጀርባ ሥጋው ተቦርቡሯል። መደዳውን። ጥርስ የነከሰው ይመስላል።

"ምን ነክሶኝ ነው?"

"ራስሽ። የታቾቹ የሚያርፉበት ሲያጡ ላንቃሽን ይወጋሉ። ባፍሽ ነው የምትተነፍሺው አይደል? ድድሽ ደርቆ ያበጠው ለዚህ ነው። ሁለት መንጋጋ ጥርሶችሽም ተሰንጥቀዋል፤ ሸክሙ ሁሉ እነሱ ላይ ነው።"

እየተቀባበልን ሄድን። ጠዋት ራስሽን ያምሻል? አዎ። ጆሮሽ ይጮሃል? አዎ። ጨጓራስ? አዎ… ጠንቋይ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ለራስ ምታቱ መነጽር አሠርቻለሁ። ለጆሮዬ ጠብታ። ለጨጓራዬ ክኒን። ለየሐኪሙ አንድ አንድ በሽታ ሳካፍል ኖሬ ሁሉም ካንድ አፍ የወጣ ነው?

ራጁን ሰቀለችው። የራሴን የራስ ቅል ከጎን አየሁት። የታችኛው መንጋጋ አጭር ነው። እንዳልጨረሱት ቤት።

"ታንኮራፊያለሽ?"

ሳቅ አልኩ። "የአባቴ ልጅ ነኝ" አልኳት።

"አባትሽም እንዲህ ናቸው? አገጫቸው?"

"ቁርጥ።"

"አሁን ደህና ናቸው?"

"የሉም። ሃምሳ ዓመት ሲሆነው እንደተኛ ነው የሞተው።"

የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች። ያ ዝምታዋ ነው እስካሁን ያልለቀቀኝ።

"ስለሳቸው ምንም ማለት አልችልም፤ አላየኋቸውም" አለች በኋላ። "ስላንቺ ግን ማወቅ አለብን። ስትተኚ የሚሆነውን የሚመዘግብ መሣሪያ እሰጥሻለሁ።"

ጥቅምት 24

ለእማ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ኅዳር 6

ውጤቱ መጣ።

ስተኛ ትንፋሼ ይቋረጣል። አንዴ ሁለቴ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ዝርግ… ከዚያ ድንገት ወደ ላይ። ሐኪሟ በጣቷ ዝርጉን ተከተለችው። "እዚህ ጋ አየር የለም። ምላስሽ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮሽን ዘግቶታል፤ መንጋጋሽ አጭር ስለሆነ ቦታ የለውም። እየታነቅሽ ትባንኛለሽ፤ ስትነቂ አታስታውሺውም።"

ድካሜን ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

"ሁሉ ሰው በመንጋጋ ምክንያት ብቻ አይደለም እንዲህ የሚሆነው" አለች። "ያንቺ ግን እሱ ነው። መጀመሪያ ብሬስ፣ የጥርስ ሽቦ፣ ዓመት ከምናምን። ከዚያ ቀዶ ጥገና። አጥንቱን ቆርጠን ወደ ፊት እናመጣዋለን። እስከዚያ ደግሞ ማታ ማታ የምታደርጊው የትንፋሽ መሣሪያ አለ።"

ቆርጠን። ፊቴ ደም አልቀረውም መሰል፣ ውኃ አመጣችልኝ።

ኅዳር 7

ነገርኳት። ካሮት እየላጠች ነበር።

"ፊትሽን ሊቀይሩት?"

"መንጋጋዬን ነው እማ።"

"መንጋጋ ፊት አይደለም?"

"ራሴን ያመኛል። መብላት አልችልም። መተንፈስ…"

"እስካሁን ስትበዪ አልነበር? ማነው አስቀያሚ ያለሽ? እነማን ናቸው የኔን ልጅ?"

"ማንም አላለኝም።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ልጄ፣ እኔ አባትሽን የማየው አንቺ ላይ ብቻ ነው" አለች።

እውነት ነው። አባዬ ፎቶ አይወድም ነበር፤ ካሜራ ሲያይ ዕቃ የሚፈልግ መስሎ ይወጣል። ለምን እንደሆነ እማ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። የቀረን የመታወቂያው ጉርድ ብቻ ነው፣ እሱም ከንፈሩን በግድ ገጥሞ፣ ሌላ ሰው መስሎ።

ግን ተናደድኩ። ባልናገረው ይሻል ነበር… "አባዬም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም የሞተው" አልኳት። ሐኪሟ ያላለችውን።

እማ ካሮቱን ትታ ወጣች።

ኅዳር 8

ቅዳሜ። ከቀትር በኋላ ልብስ ስናጣጥፍ፣ እኔን ሳታይ፣ አንሶላውን እያየች ጀመረች።

"ወፍጮው እንለው ነበር፣ ታስታውሻለሽ?"

አስታውሳለሁ። አባዬ ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይነዝራል። "ወፍጮው ተነሳ" እንልና እንስቃለን። እሱም ጠዋት ይስቃል።

"ያን ሌሊት እንደተለመደው ጀመረ። በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ትንሽ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ።" አንሶላውን ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው። "ተመስገን አልኩ። ዛሬ እንኳ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ ልጄ። እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ስነሳ ቀዝቅዟል።"

እጄ ላይ የያዝኩት ፎጣ ወደቀ። አላነሳሁትም።

"ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ዝምታው ደስ ብሎኝ ነበር ይባላል?"

ላቅፋት አስቤ አላቀፍኳትም። ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ይዛ ምግብ ስትሠራ፣ ስትስቅ፣ ስትቆጣኝ…

"እማ፣ በምን ታውቂዋለሽ? ሐኪም እንኳ አላወቀ።"

"አላወቅኩም። ስለማላውቅ ነው የምልሽ።" አንሶላውን ቁምሳጥን ውስጥ አስገባች። "ሂጂ። ይቁረጡት።"

ጥር 2

ብሬሱ ገባ። አፌ ውስጥ አጥር የታጠረ ነው የሚመስለው። ከንፈሬን ፋቀው፣ ምላሴን ቧጠጠው። ዳቦ አይሞከርም።

ትኬት ቆራጯ አፌን አስከፍታ አየችና፣ "በሠላሳ ሦስት ዓመት ሽቦ? እንግዲህ ደብተርና ቦርሳ ልግዛልሽ" አለች። ሳቅኩ። መሳቄን በምን አወቀች ግን? ሁሌ ያው ነኝ።

ጥር 20

የትንፋሽ መሣሪያው ጭምብል ፊቴ ላይ ታትሞ ይነጋል። ግን ተኛሁ! እንቅልፍ ማለት ይሄ ነበር?

መጋቢት 11

አንዱ የተሰነጠቀው መንጋጋ ጥርስ ሊድን አልቻለም። ተነቀለ። የፊቶቹ መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ጥርስ እንደ ከብት ቀስ ብሎ ሲነዳ ይሄዳል ለካ።

ሚያዝያ 19

ሽቦው ከገባ ዓመት አለፈው። ቀኑ ተቆረጠ። ግንቦት 4። ሐኪሟ ስትነግረኝ እሺ አልኩ፤ ከግቢው ስወጣ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ግንቦት 3

ነገ ነው።

ቦርሳዬን ስሸክፍ እማ ጠራችኝ። "እስኪ እዚህ መስኮቱ ጋ ቁጭ በይ።" ተቀመጥኩ። ወንበሯን አምጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ታየኛለች። ግንባሬን አይደለም፣ ዓይኔን አይደለም። ከአፍንጫዬ በታች። ረዘመ። ሲጨንቀኝ "እማ…" ልል ስል "አትናገሪ፤ ሲንቀሳቀስ ይጠፋብኛል" አለች።

ከእኔ ጋር አልነበረችም። የምትሰናበተው አባዬን ነው።

ግንቦት 7

በሕይወት አለሁ። አፌ በላስቲክ ታስሯል። ፊቴ ዱባ።

ግንቦት 14

ቤት ገባሁ። አገጬ የኔ አይደለም፤ ስነካው ሌላ ሰው እንደምነካ ነው። ስሜቱ ይመለሳል ብለዋል፤ ቀስ ብሎ።

እማ ሾርባውን አጥልላ በስሪንጅ ከጉንጬ ሥር ትጨምርልኛለች። እጇ አይሳሳትም። ዓይኗ ግን ስሪንጁ ላይ ነው። ሲያልቅ ሳህኑ ላይ። ከዚያ በሩ ላይ።

ሰኔ 9

እብጠቱ ጎደለ፤ ላስቲኮቹ ላሉ። ዛሬ መታጠቢያ ቤት ፊቴን ታጥቤ ቀና አልኩ።

ይቺ ማናት?

ከንፈሮቿ ተገናኝተዋል። ማንም ሳያስገድዳቸው። አገጭ አላት። ደንግጬ ወደ ኋላ ስል እሷም አለች። በሠላሳ አራት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልስቅ አየሁኝ።

እማ ፎጣ ይዛ ከኋላዬ መጣች። መስታወቱ ውስጥ ተያየን። ፎጣውን አልሰጠችኝም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ በዝግታ፣ ለራሷ ይመስል፣ "አላወቅኩሽም" አለች።

ፎጣውን የበር እጀታ ላይ አንጠልጥላ ሄደች።

ቆንጆ ሆነሻል ትለኛለች ብዬ አልጠበቅኩም። ይሄን ግን አልጠበቅኩም… ምን አደረግኩ? ሰው ላለመታነቅ ብሎ እናቱን ባዳ ያደርጋል?

ሰኔ 16

ጠዋት በሬን ስከፍት በእማ እግር ተደናቀፍኩ። ወንበሯን አምጥታ በሩ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ተኝታለች። ጋቢዋ ወድቋል።

"ምነው እማ?"

ብንን አለች። "ድምፅ አጣሁብሽ" አለች። "እንደድሮው አታንኮራፊም። ዝም ስትዪ…"

አልጨረሰችውም። ለካ ስንት ቀን እንዲህ ነው የምታድረው።

ወደ ክፍሌ አስገባኋት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተመዘገበውን የሐኪሟን አዲሱን ወረቀት አወጣሁ፤ ድሮ ዝርግ የነበረው አሁን እንደ ባሕር ሞገድ ነው፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። አይገባትም። ስለዚህ አጠገቤ አስተኛኋትና እጇን ደረቴ ላይ አደረግኩት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የተኛችው። እጇን ግን አላነሳችውም።

ነሐሴ 12

ሥራ ተመለስኩ። ምን ዓይነት ቀን ነው?

አውቶቡስ ውስጥ የማላውቀው ሰውዬ ተነስቶ ወንበር ለቀቀልኝ። ጋዜጣ ሻጩ "እንዴት አደርሽ እመቤት" አለኝ። በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ አያውቅም። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ? ያቺኛዋም እኮ እኔው ነበርኩ።

መናኸሪያው ደግሞ ተቃራኒ። ስምሪት ኃላፊው ሲያየኝ ፈዘዘ። "አማረብሽ… አማረብሽ። ግን ምነው ኮራሽ?"

"አልኮራሁም።"

"አይ፣ ፊትሽን ቋጥረሽ…"

አልቋጠርኩም። አፌ ገጥሞ ነው።

ምሳ ሰዓት ትኬት ቆራጯ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ሆስፒታል ስላልደጋገምኩ ተቀይመሽኛል አይደል?" አለች።

ደነገጥኩ። "ኧረ በፍጹም! ማን አለሽ?"

"ፊትሽ።"

"ፊቴ ዝም ብሎ ነው ያለው።"

"ዝም ብሎ አይቼው አላውቅማ" አለች። አሰበች። "ስንቱን ቀን አሞሽ ይሆን እኔ ግን ስስቅልሽ የዋልኩት… ጥርስ ባዳ ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።"

ማይኩ ላይ "ስድስተኛ" ስል 'ስ' አፏጨችብኝ። እለምደዋለሁ።

መስከረም 21

ፖም ነከስኩ። በፊት ጥርሴ። ቀጭ ሲል ራሴ ዘለልኩ። ቆሜ ፍሬው እስኪቀር በላሁት።

ማስታገሻ ከገዛሁ ከረመ። ጨጓራዬም ረስቶኛል። እማ ብቻ…  ታበላኛለች፣ ታጥብልኛለች፣ ታወራኛለች፤ አታየኝም። ስታወራ ትከሻዬን ነው።

ኅዳር 2

ከሰዓት ጎረቤታችን መጣች። ሻይ አፈላሁ። ጎረቤቷ "ልጅሽ እንዴት አማረች" ስትላት እማ ሳቅ ብላ፣ "ማማሩን አማረች። ደስታዋን ግን ወሰዱባት። ሳቂታ ልጅ ነበረችኝ፤ ሐኪሞቹ ሐዘን ሰፍተው መለሱልኝ" አለች።

ትሪውን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ሻዩን አቀረብኩ። ቁጭ አልኩ። ድሮም እንዲህ ነበር የማደርገው፤ ማንም አያውቅብኝም ነበር።

ጎረቤቷ ስትሄድ እማ ስኒ ልታነሳ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ዓይኗ ፊቴ ላይ አረፈ። ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሳም።

"ተከፋሽ?" አለችኝ።

"አይ።"

"ተከፍተሻል እንጂ። እዚህ ጋ…" ጣቷን ወደ አፌ ጫፍ ሰነዘረች፤ ሳትነካኝ አየር ላይ ቆመ። "ሲከፋሽ እንዲህ ነሽ እንዴ?"

"እንጃ። እኔም ገና ማየቴ ነው።"

ስኒውን መልሳ አስቀመጠች። ወንበሯን ወደኔ ሳበች። የደነገጠች ትመስላለች። እንደዚያ ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም፤ አባዬ የሞተ ለት እንኳ።

"ድሮስ?" አለች። "ያኔስ ይከፋሽ ነበር?"

"ይከፋኝ ነበር እማ።"

"መቼ?"

መቼ ይባላል? ከየት ይጀመራል? ከዚያ አንዱ ራሱ መጣ።

"አባዬ የተቀበረ ቀን" አልኳት። "ከመቃብር ስንመለስ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ነበሩ። አንደኛዋ 'አባቷን ቀብራ ትስቃለች' አለች። ሰማኋት። እያለቀስኩ ነበር እኮ። ግቢያችን ያለው የውኃ ታንከር ጀርባ ሄጄ ሰዉ እስኪበተን ድረስ ከንፈሬን በሁለት እጄ ገጥሜ ይዤ ቆየሁ። አንቺ ስትፈልጊኝ ነበር። ሳገኝሽ 'የኔ ጠንካራ፣ አንቺ እንኳ በረታሽልኝ' አልሽኝ።"

እማ አላለቀሰችም። እጄን ያዘችው፤ ሁለቱንም።

"እኔም እኮ የምትስቂ መስሎኝ ነበር" አለች። "አባትሽም… እሱም ስንት ቀን ከፍቶት ይሆን?"

ፊቴን እያየች ነበር፤ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ አፌን፣ ሁሉንም።

"ሌላስ?" አለች። "ሌላውንም ንገሪኝ።"

ሻዩ ቀዘቀዘ። እስኪመሽ ነገርኳት።